የፖርታሉ ደባል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አሶሳ ገበያ መሀል ሳልፍ የሚያስቆመኝ ሰው አላጣሁም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ጋሽ ይማም፣ ይቺን እስቲ እያት፣ ኔትወርክ አልስብ ብላለች» ይለኛል። ሌላዋ የልጇን ላፕቶፕ በፌስታል ጠቅልላ ቤቴ ድረስ ትመጣለች። እኔ ስልክ ጠጋኝ ሆኜ አላውቅም። ቢሆንም አየዋለሁ፣ ካየሁትም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሰው እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ በገዛ እጁ የጻፈውን ፕሮግራም ከአንድ ትልቅ የመሥሪያ ቤት ፖርታል ጎን፣ በዚያው ሰርቨር ላይ አስቀምጦ፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋው ዓመታት ያኖረ ማን ነው ቢባል መልሱ እኔ ነኝ። ራሴን ማመስገኔ የከበደው ይታገሠኝ። ሌላ ሰው እስኪያመሰግነኝ ብጠብቅ የጡረታ ዘመኔም ያልቃል።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። በሰፈራው ዘመን ከወላጆቼ ጋር ከወሎ መጥተን በአሶሳ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ሰፈርን። አባቴ ማሽላውን ሲዘራ እኔ ከተማ ወጥቼ የጽሕፈት መኪና ተማርኩ። ተማርኩ ስል አስተማሪ ነበረኝ ማለቴ አይደለም። በአንድ ጽሕፈት ቤት መስኮት ሥር ቆሜ የጸሐፊዋን ጣቶች እያየሁ ለመድኩት። እሷ በወሊድ ስትቀር ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድ ታይፒስት ብርቅ ስለነበር ይስቁብኝ ነበር። ስርዝ ድልዝ የሌለበት ደብዳቤ ማየት ሲጀምሩ ሳቁ ቀረ።

ከዚያ ባምባሲ ተመደብኩ። የዚያ አለቃዬ ለቢሮው የተላከውን ኮምፒውተር በአልጋ ልብስ ሸፍኖ፣ እንደ እንግዳ ሳህን፣ የበላይ ሰው ሲመጣ ብቻ ይገልጠው ነበር። እሱ ለምሳ ሲወጣ እኔ ልብሱን አንሥቼ እሠራበታለሁ፤ ሲመለስ ልብሱ እንደነበረ ያገኘዋል። አንድ ቀን ግን መዳፉን አሳረፈበትና «ይማም፣ ይሄ ዕቃ ትኩሳት አለው» አለኝ። «ሥራ የፈታ ዕቃ ይታመማል» አልኩት። ትንሽ አሰበና ልብሱን አጣጥፎ ለሚስቱ ላከላት። ኮምፒውተሩም የእኔ ሆነ።

መንጌ ስመደብ ደግሞ መብራቱ በጀነሬተር ነበር። ወረዳው ውስጥ ሰው ወርቅ ያጥባል፤ እኔ ፕሮግራም አጥባለሁ። አንድ ተዛውሮ የሄደ መምህር ጥሎልኝ የሄደውን ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ጀነሬተሩ በሚሠራበት ሰዓት ያነበብኩትን እየሞከርኩ ጨረስኩት። ስለ ደመወዝ አላወራም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ታሪኩ አጭር ነው። ወደ አሶሳ ስመለስ ግን ያንን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን የጨረሰ ሌላ ሰው አላገኘሁም።

አሶሳ የተመደብኩበትን መሥሪያ ቤት በስሙ አልጠራውም። የመምህራን ዝውውር በእሱ በኩል ያልፍ ነበር ማለት ይበቃል። ዝውውር ምን እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። ባል አንድ ወረዳ፣ ሚስት ሌላ ወረዳ፣ መካከላቸው ዓባይ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ኮሚቴ ተቀምጦ የአገልግሎት ዘመን፣ የትዳር ሁኔታ፣ የበረሃ አገልግሎት እያለ ነጥብ ይደምራል። ውጤት ሲለጠፍ ግቢው በለቅሶና በጭቅጭቅ ይሞላ ነበር። እኔ ያንን ድምር የሚሠራ፣ በኢንተርኔት መክፈቻ የሚከፈት ፕሮግራም ጻፍኩ። መምህሩ ራሱ ገብቶ ይመዘገባል፣ የሚፈልገውን ወረዳ ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ነጥቡን ደምሮ ተራ ያወጣል። ለቅሶው ጨርሶ አልቀረም። ጭቅጭቁ ግን ቀረ፤ ከማሽን ጋር የሚጨቃጨቅ የለምና።

ፖርታሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰነዱ፣ ስብሰባው፣ መልእክቱ፣ የዓመት ፈቃዱ ሁሉ በአንድ ቦታ የሚሠራበት ትልቅ ነገር ነበር። በመልካም ሰርቨር ላይ ተጭኖ መጣ። የእኔ ፕሮግራም እስከዚያ ድረስ ያደረው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስለነበር፣ እንግዳው ሰርቨር ላይ ላስቀምጠው ፈለግሁ። እንዴት እንደሚደረግ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ኢድሪስ የሆሞሻ ሰው ነው፤ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ። ካርቱም ተምሮ እዚያው ብዙ ዘመን ሰርቨር ጠብቋል። አማርኛን ያወቃት አድጎ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላል፣ ወይዘሮ አስካለ እንኳ፣ አለቃችን፣ ከእሱ አፍ ሲወጣ አትቀየምም ነበር። ወደ ሰርቨር ክፍሉ ሲገባ እንደ መስጊድ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። አቧራ ነው ምክንያቱ፤ እኔ ግን አክብሮትም ይመስለኝ ነበር። ገብቶም ስክሪኑን አያይም። መጀመሪያ መዳፉን በሰርቨሩ ጎን ላይ አሳርፎ የማራገቢያውን ትንፋሽ ያዳምጣል። ከዚያ ወረቀት ያወጣና በእርሳስ ቤት ይሥላል። አዎ፣ ቤት፤ ግድግዳ፣ በር፣ መስኮት ያለው። ሣሎ ሳይጨርስ ኪቦርድ ነክቶ አያውቅም።

የመጀመሪያውን ቀን ቤቱን ከሣለ በኋላ አንድ ቃል ጠየቀኝ።

«ይማም፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ሁለት ሰው አለ። ቤት አንድ ነው። አንዱ የቤት ጌታ፣ አንዱ እንግዳ አይደለም፣ ዘመድም አይደለም። ይሄ ሰው በአማርኛ ምንድነው?»

«ጎረቤት» አልኩት።

«ላ፣ ጎረቤት የራሱ ጣሪያ አለው።»

«እንግዲያ ደባል ነው» አልኩት።

ቃሉን አፉ ውስጥ አገላበጠው። «ደባል። ኸላስ፣ አለቀ። ፕሮግራም ያንተ ደባል ነው። ጥሩ ደባል ካልሆነ ያባርሩታል።»

ያን ዕለት ያስተማረኝን በሌላ ቦታ አላነበብኩትም። ደባል በቤቱ ጌታ ጓዳ ዕቃ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ፕሮግራሜ ከፖርታሉ ፎልደር ውጭ የራሱ ፎልደር ይኑረው። ደባል በራሱ በር ይግባ፤ ስለዚህ የራሱ አድራሻ ይኑረው። ሰው ከአንድ ሳህን ይበላል፣ ፕሮግራም ግን አይበላም፤ ስለዚህ ለእኔው ፕሮግራም ከሜሞሪው የራሱን ድርሻ ለየን፣ ከዚያም እንዳያልፍ ገደብ አበጀንለት። የፖርታሉንም ደንብ እንዳይወርስ የራሱን ደንብ ጻፍንለት። አንድ ነገር ብቻ እንዲዋሱ ፈቀደ፤ ዘበኛውን። መምህሩ በፖርታሉ ስሙና በፖርታሉ ፓስወርድ ይግባ፣ ሁለት ፓስወርድ አይሸምድድ። «ዘበኛ አንድ ነው፤ ጓዳ ሁለት ነው» ይል ነበር። አንድ ነገር ስጨምር ደግሞ ሁልጊዜ «አፕዴት ሲመጣ ማን ይሞታል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ማንም እንደማይሞት ካላሳየሁት አያልፈኝም።

አፕዴት ስንት ጊዜ መጣ፣ ፖርታሉ ስንት ጊዜ ታድሶ ተነሣ፤ ደባሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከሌላ ክልል የመጡ ባለሙያዎች ሳይቀር መጥተው አይተውታል። አንዱ «ማን ነው የሠራላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ወይዘሮ አስካለ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። እኔም ያን ጊዜ ኮቴን ቀና አድርጌ ነበር።

ኢድሪስ ጡረታ ወጥቶ ወደ ሆሞሻ ማንጎው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ብሩክ መጣ። ብሩክ ፖርታሉን በአዲስ እንዲያደራጅ ከአዲስ አበባ በኮንትራት የተላከ ነው። ልጅ እግር ነው፤ ሥራውን ያውቃል፣ ሰውም ያከብራል፤ ይህን አልክደውም። ግን አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ሁሉም በአንድ በር ይግባ የሚል። የእኔን ፕሮግራም ወደ ፖርታሉ ውስጥ ማስገባት ፈለገ። የቦታ ስሞችንም ከእኔ ሳይሆን ከፖርታሉ ዝርዝር እንዲወስድ።

ወይዘሮ አስካለ ፊት ተከራከርን። እኔ ስለ ጓዳና ስለ በር ነገርኳት። እሱ አንድ ወረዳ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ስለተጻፈባቸው ሪፖርቶች ነገራት፤ ያም እውነት ነበር። በመጨረሻ «ጋሽ ይማም፣ የእርስዎ ነገር ጥሩ ነው፤ ግን እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ደባሉን ማን ያስተዳድረዋል?» አለችኝ። እጄን ሰጠሁ። ፕሮግራሙን በገዛ እጄ ወደ ውስጥ አስገባሁት።

ምዝገባው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ውጤት ወጣ። የምደባ ደብዳቤዎቹ በማግስቱ ሊፈረሙ ተዘጋጁ። መምህርት ጥሩነሽ የመጣችው ያን ዕለት ጠዋት ነው።

ጥሩነሽ መንጌ ታስተምራለች። የትውልድ አገሯ መተከል፣ ወንበራ ነው፤ የወረዳው መቀመጫ ደብረ ዘይት። ባሏ እዚያ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ትንሹ ልጇም ከእሱ ጋር ነው። ከመንጌ እዚያ ለመድረስ ዓባይን መሻገር አለ፤ ያውም መንገዱ ሲገኝ። ዓመት በዓመት ትጠይቃለች፣ ክፍት ቦታ አይገኝም ነበር። ዘንድሮ ተገኘ። ነጥቧን እኔ ሳላሰላው በዓይኔ አውቀዋለሁ፤ ከላይ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ስልኳን አስቀመጠች። መልእክቱን አነበብኩት። ወደ ቢሾፍቱ የጠየቁት ዝውውር ከክልል ውጭ ስለሆነ በዚህ ምዝገባ አይስተናገድም ይላል።

«ጋሽ ይማም» አለችኝ፣ «ሐይቅ ዳር ልዝናና ብዬ ለእርስዎ አመልክቼ ነበር?»

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ደብረ ዘይት። እንዳስተማሩን ፊደሉን ሳላበላሽ። ባሌ ነርስ ነው፣ የአየር ኃይል አብራሪ አይደለም። ቢሾፍቱ ማን አለኝ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ያቺኛዋ ቢሾፍቱ፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለችው ከተማ፣ የቀድሞ ስሟ ደብረ ዘይት ነበር። የፖርታሉ ዝርዝር አሮጌውን ስም ሲያገኝ በአዲሱ ይተካዋል። ወንበራ ውስጥ ሌላ ደብረ ዘይት መኖሩን የነገረው የለም። ለሰው ቀና ልሥራ ያለ ደንብ መምህርቷን አንሥቶ ሐይቅ ዳር ጣላት። ከዚያ የእኔው ፕሮግራም፣ እኔው በጻፍኩለት ሕግ፣ ከክልል ውጭ ነሽ ብሎ መለሳት። ክፍት ቦታውን ፈልጌ አየሁት። ደብረ ዘይት፣ ጠያቂ የሌለው ይላል። ጠያቂ የሌለው ቦታ ደግሞ ለአዲስ ተቀጣሪ በዕጣ ይሰጣል። ደብዳቤው ከተፈረመ ቦታው ሄደ፤ እንደገና እስኪለቀቅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እሷም እኔም እናውቃለን።

ብሩክን ጠራሁት። መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ቢሾፍቱ ነው የተወለድኩት። ሰው አሮጌውን ስም ሲጽፍ ያናድደኛል።»

ጥሩነሽ ቀና ብላ አየችው። «ስለ አገርህ መናደድህ ደግ ነው» አለችው። «የእኔን አገር ለምን በላህብኝ?»

ዝርዝሩን እንዲያርመው ነገርኩት። አይቻልም። ምዝገባ ሲዘጋ የቦታ ስሞቹ አብረው ይቆለፋሉ፤ የሚከፈቱት ደብዳቤ ከወጣ በኋላ ነው። ይህም ሰው መሀል ገብቶ ውጤት እንዳይቀይር የተደረገ ነው፤ ልክ ነው። ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ፕሮግራሜን ከፖርታሉ ውስጥ አውጥቼ፣ በራሱ የቦታ ስሞች ተራውን እንደገና እንዲያወጣ ማድረግ። ቢሾፍቱ ተብሎ የተመዘገበ ሁሉ በዚህ ክልል ምዝገባ ውስጥ የወንበራውን ደብረ ዘይት የጠየቀ ብቻ ስለሆነ፣ ማንንም ከማንም ጋር የሚያምታታ ነገር የለም።

እዚህ ላይ የሥራ ዘመኔ ትልቁ ሽንፈት ገጠመኝ። ብሩክ ወይዘሮ አስካለን እናስፈቅድ አለኝ። እሷ ግን ከወረዳዎቹ ጋር በፖርታሉ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነበረች፤ እኔም የራሴን ፕሮግራም ለማውጣት ፈቃድ አልጠይቅም ብዬ ሰርቨር ክፍል ገባሁ። ፕሮግራሙን አቆምኩት፣ ፎልደሩን ከፖርታሉ ውስጥ ነቅዬ አወጣሁት። ፖርታሉ ውስጡ ሲነካ ራሱን እንደገና ያስነሣል፣ ሲነሣም ያንን ፎልደር ይፈልጋል። ሲያጣው ወደቀ። ስብሰባው፣ ሰነዱ፣ ሁሉም። ከግድግዳው ማዶ ይሰማ የነበረው የወይዘሮ አስካለ ድምፅ በአንድ ቃል መሀል ተቆረጠ።

መጣች። ብሩክ ፎልደሩን መልሶ ፖርታሉን እስኪያስነሣው ድረስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከተነሣ በኋላ «ጋሽ ይማም፣ እጅዎን ያንሡ» አለችኝ። የሰርቨሩን ፓስወርድ እዚያው አስለወጠችው፤ አዲሱን ለእኔ ሳይነግሩኝ። ስንት ዓመት የኖርኩበት ክፍል ደጃፍ ላይ ጫማዬን አጠለቅሁ። እንደዚያ ቀን ጫማ ከብዶኝ አያውቅም። ጥሩነሽ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «ይተዉት ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት አይዋረዱ» አለችኝ። ይኸኛው ነው የባሰብኝ።

ውጭ ወጥቼ ለኢድሪስ ደወልኩ። ማንጎ እያወረደ ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ጠየቀኝ።

«ደባል ቤት ውስጥ ነው ያለው?»

«ውስጥ ነው።»

«አንተ እጁን ይዘህ ጎተትክ።»

«ጎተትኩ።»

«ወላሂ ይማም፣ ደባል አይጎተትም። ግድግዳው አብሮ ይመጣል። ውጭ አዲስ ክፍል ሥራ። አልጋ አስገባ፣ መብራት አስገባ። ከዚያ እሱን ጥራ። አሮጌው ክፍል ይቆይ፣ ጌታው እንዳይፈራ። ሹወያ ሹወያ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አፍርሰው።»

ስልኩን ዘጋሁት። እንዲህ የሚቀል ነገር ነበር። ነቅሎ ማውጣት ሳይሆን ቅጂውን ከጎን ማቆም፤ ውስጥ ያለውን ሳይነኩ።

ወይዘሮ አስካለ ጋ ስገባ ብሩክ ቀድሞኝ ቆሟል። ልቧ ቂም የማይዝ ሴት ናት፤ ሥራ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። የማደርገውን በወረቀት ሣልኩላት፤ ቤት፣ ከጎኑም አዲስ ክፍል። ሥዕሉን እያየች «ፖርታሉ ዳግመኛ ቢወድቅስ?» አለችኝ።

«አይወድቅም።»

«ጠዋትም ይህንኑ ይሉኝ ነበር።»

«ጠዋት አልጠየቁኝም» አልኳት።

ሳትፈልግ ፈገግ አለች። ብሩክ «እኔ አብሬው እቀመጣለሁ፤ ስህተቱ ከእኔ ደንብ ነው የተነሣው» አለ። እሷም ቅድመ ሁኔታዋን ነገረችን። ስብሰባዋን ከሰዓት ትቀጥላለች። ድምፅዋ ከተቆረጠ የእኔ ፕሮግራም ከነጭራሹ ይሰረዛል፣ ደብዳቤዎቹም እንዳሉ ይፈረማሉ። ካልተቆረጠና ተራው በትክክል ከወጣ ትፈርማለች።

ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ እኔና ብሩክ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጥሩነሽ በሩ ላይ ነበረች፤ ግቢ ብንላት ጫማዬ አቧራ ነው ብላ እምቢ አለች። ማንም ስለ ጫማ አልነገራትም ነበር። ከግድግዳው ማዶ ወይዘሮ አስካለ ስለ መማሪያ መጻሕፍት ስርጭት ትናገራለች። ያ ድምፅ እስካለ ድረስ ፖርታሉ ሕያው ነው።

መጀመሪያ መዳፌን በሰርቨሩ ጎን አሳረፍኩ። ትንፋሹ ደህና ነበር። ከዚያ በሌላው ዲስክ ላይ ባዶ ፎልደር ከፈትኩ። ለእሱ አዲስ አድራሻ ሰጠሁት፣ ብሩክ ከሜሞሪው ድርሻ ቆርሶ ገደቡን አበጀለት። የፖርታሉን ደንብ እንዳይወርስ የሚዘጋውን መስመር ስጽፍ ብሩክ «እዚህ ጋ አንድ ይጎድላል» አለኝ። ልክ ነበር፤ ጨመርኩት። ይህንንም የምጽፈው ፍትሐዊ ሰው ስለሆንኩ ነው። ቅጂው ሲገባ ማራገቢያው ከፍ ብሎ ጮኸ፣ የወይዘሮ አስካለም ድምፅ አንድ ጊዜ ተንተባተበ። ሁለታችንም እጃችንን አነሣን። ድምፅዋ ተመለሰ፤ ስለ መንጌ ትምህርት ቤቶች እየተናገረች ነበር።

የቀረው የቦታ ስሞቹ ነው። ከማንም ዝርዝር አልወሰድኩም። ሁሉንም ከራሴ ጭንቅላት ጻፍኳቸው፤ ሆሞሻ፣ መንጌ፣ ባምባሲ፣ እያልኩ ዓባይን ተሻገርኩ። ወንበራ ስደርስ ጥሩነሽ ከበሩ «ደብረ ዘይት» አለች፣ እንደማላውቀው ያህል። ጻፍኩት። ጠያቂዎቹን ወደ እሱ መለስኩና ተራውን እንዲያወጣ አዘዝኩት።

ስክሪኑ ላይ የደብረ ዘይት መስመር ተከፍቶ ታየ። ጠያቂ የሌለው የሚለው ጠፍቷል። ከላይ የተቀመጠው ስም የእሷ ነው። ለማመን ፈራች መሰለኝ፣ ጫማዋን አውልቃ ገብታ በጣቷ ስክሪኑን ነካችው። ሌላ ጊዜ ስክሪን የሚነካብኝን ሰው እቆጣ ነበር።

ከግድግዳው ማዶ ወይዘሮ አስካለ ወረዳዎቹን አመስግና ስብሰባውን ዘጋች። አንዴም አልተቆረጠባትም። መጥታ ስክሪኑን አየች፣ አነጻጸረች፣ የሌሎቹ መምህራን ተራ እንዳልተነቃነቀ አረጋገጠች። ከዚያ «ደባሉ በቦታው ይቆይ» አለች። በማግስቱ ደብዳቤው ተፈረመ። የሰርቨሩን አዲስ ፓስወርድ ግን የነገረችኝ ከፊርማው በኋላ ነው፤ እኔም አልተቀየምኩም።

ደብዳቤው ከወጣ በኋላ የፖርታሉ ስሞች ቁልፍ ተከፈተ። ጥሩነሽ ደብዳቤዋን ለመውሰድ መጥታ እዚያው ነበረች። ብሩክ ደንቡን አጠፋና በዝርዝሩ ላይ አዲስ ስም ጻፈ፤ ደብረ ዘይት ብሎ፣ በቅንፍ ወንበራ።

«ቅንፉ ለምንድነው?» አልኩት።

«እንዳይምታታ ነዋ ጋሽ ይማም። የታወቀው ያኛው ነው።»

«ለማን የታወቀው?»

መልስ ሳይሰጠኝ ጥሩነሽ ደብዳቤዋን በቦርሳዋ እያስገባች ጣልቃ ገባች። «አገሬን ቢሾፍቱ በሉልኝ እያለ የሚናደደው ራስህ አይደለህም?» አለችው። «ታዲያ አሮጌውን ስም ከለቀቃችሁት ለእኛ ተዉልን። በተዋችሁት ስም ላይ ቅንፍ አይጨመርም።»

ብሩክ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። ቅንፉን አጠፋው።

ጥሩነሽ ከወንበራ የደወለችልኝ እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ልጇ በስልክ ሰላም በላቸው ስትለው አፍሮ ሸሸ አለችኝ፤ ድሮ በስልክ ብቻ ነበር የሚያውቃት፣ አሁን ስልክ አይወድም። ብሩክም ኮንትራቱን ጨርሶ ሄዷል። ፕሮግራሙን የሚጠብቀው አሁን ሌላ ሰው ነው፣ ደህና አድርጎ ይጠብቀዋል ይባላል። እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። በዚያ ፖርታል ላይ ደብረ ዘይት ብሎ የሚጽፍ ሰው ዛሬ ወንበራ ይደርሳል።